ለበሬና ለአህያ ስለሚገባው ፍትሕ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ የወንጌል መምህር ከሚያስተምራቸው ምእመናን ለኑሮው የሚበቃውን ሊቀበል እንደሚገባው ሲያስረዳ፣ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር የሚያዝዘውን የኦሪት ሕግ ምስክር አድርጎ ያቀርባል፤ ከዚያም ወዲያው ሕግ ሰጪው ይህን ሲያዝዝ ያሰበው ለበሬዎቹ ነውን ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከተጻፈ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ብቻ ቀርቶታል፤ በብዙ አንባቢ ዘንድም ሕጉ የተጻፈው ለሰው ነው፣ በሬው የተነሣው ለምሳሌ ብቻ ነው ተብሎ ታልፏል። እኔ ግን ምሳሌ የሚጸናው ምሳሌ የሆነው ነገር በራሱ እውነት ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። በሬው ከሚያበራየው እህል ሊቀምስ የማይገባው ቢሆን ኖሮ መምህሩ ከበሬው ጋር ተነጻጽሮ ምን መብት ሊያገኝ ይችል ነበር? ሐዋርያው ከትንሹ ተነሥቶ ወደ ትልቁ የሚወጣው ለትንሹ የሚገባው ነገር በእርግጥ የሚገባው ስለ ሆነ ነው፤ ይህ ከተካደ ለመምህሩ የቀረበው ማስረጃም አብሮ ይወድቃል። እንግዲህ የበሬው ዋጋ አስቀድሞ ዕዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

ነገሩን በዚህ ዓይን መመልከት ለእኛ አገር ሰው የጉባኤ ቤት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ የምትቀድም፣ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ ላምና በሬ፣ ጥጃና ወይፈን ያለባት አገር ናት፤ በአህያ ብዛት ደግሞ ከዓለም የሚስተካከላት የለም። የሕዝባችን እንጀራ በበሬ ጫንቃ ታርሶ፣ በበሬ ኮቴ ተወቅቶ፣ በአህያ ጀርባ ተጭኖ ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ የሄደ እንጀራ ነው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ስለ እንስሳት ደኅንነት የሚያስተምሩ ድርጅቶች ከባሕር ማዶ እየመጡ በየወረዳው ሲደክሙ ይታያሉ፤ ድካማቸውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በባዕድ ምክንያት ተደግፎ ብቻ ስለሚቀርብ፣ ባላገሩም ከተሜውም ጠግቦ ያደረ ሕዝብ የሚያስበው የቅንጦት ሐሳብ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔ የማምነው ግን ለእንስሳ የሚደረግ እንክብካቤ ከሥራ ላይ የሚከፈል ዋጋ መሆኑን ነው፤ ይህንንም የሚያዝዘው ሕግ ከጥንት ጀምሮ በየቤተ መቅደሳችን ሲነበብ የኖረ ነው።

የበሬውን ድካም ለማወቅ የዓመቱን ዙር መከተል ያስፈልጋል። ለጤፍ የሚዘጋጅ መሬት አራትና አምስት ጊዜ፣ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ ከእርሻውም ሁሉ የሚከብደው የሚውለው በጋው አልቆ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በግንቦትና በሰኔ፣ መስኩ ተግጦ፣ የጭዱ ክምር ተሟጦ፣ የበሬው ጎድን አንድ በአንድ ሊቈጠር በሚችልበት ወራት ነው። ጉልበቱ ባለቀበት ጊዜ የሥራው ብርታት ይጀምራል ማለት ነው። ቀንበሩ ከሻኛው ፊት በጫንቃው ላይ ተጭኖ ይውላል፤ እንጨቱ በሚገባ ያልተላገ እንደ ሆነ ቆዳው ይላጣል፣ በማግሥቱም ያው ቀንበር በቁስሉ ላይ ይመለሳል። ገበሬው ይህን አያይም ማለት አይደለም፤ ያያል፤ ነገር ግን ሳይዘራ ዝናቡ ሊያልፍበት የተቃረበ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳልና፣ በሬው ዛሬ ለጌታው፣ ነገ ለጌታው ባልንጀራ እየሠራ ይሰነብታል፤ በሁለት ጌታ መካከል የሚውል አገልጋይም የዕረፍቱ ነገር ማንን እንደሚመለከት አይታወቅም።

የኢትዮጵያ ገበሬ ለበሬው ጨካኝ ነው የሚል ሰው ገበሬውን አያውቀውም። ቦራ፣ ዳማ፣ ዳልቻ፣ ጉራች እያለ በመልኩ ይጠራዋል፤ በእርሻ ላይ ሳለ ያነጋግረዋል፤ በአውድማ ላይ ያዜምለታል፤ በሬው የሞተበት እንደ ሆነም ጎረቤት ሊያጽናናው ይመጣል። በሐረርጌ ደጋ ገበሬው ከማሽላው መካከል እየመረጠ የነቀለውን ቡቃያና የቀነጠሰውን ቅጠል ተሸክሞ መጥቶ ከደጁ ያሰረውን ሰንጋ በእጁ ሲመግብ የሚውል ነው፤ የሐረር ሰንጋ በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራውም በዚህ ትጋት ነው። ፍቅሩ እንግዲህ አለ። ነገር ግን ፍቅር ከሰው ሰው ይለያያል፣ በአንድ ሰውም ልብ እንኳ በጥጋብ ቀን ይሰፋል፣ በችግር ቀን ይጠብባል፤ ስለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው፣ ባለቤቱ በተቈጣበትና በቸገረበት ቀንም ለበሬው የሚቆምለት እርሱ ነውና።

ይህ ሕግ በአንድ በኩል ጸንቶ ኖሯል፤ እርሱም ሰንበት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ይከበር ብለው በመጽናታቸው ብዙ ስደትና መከራ ደረሰባቸው፤ ክርክሩም ቤተ ክርስቲያንን ለረጅም ዘመን ሲያውክ ከኖረ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አጸኑ። ሊቃውንቱ የተከራከሩት ስለ ኦሪትና ስለ ሐዲስ፣ ስለ ትውፊትና ስለ ሥልጣን ነበር፤ በታሪክ መጻሕፍትም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የጉባኤው ቃል ወደ ገጠር ወርዶ ሥርዓት በሆነ ጊዜ፣ ስለ ክርክሩ ምንም የማያውቀው በሬ በሳምንት ሁለት ቀን ቀንበር የማይጫንበት ሆነ። በዚህም ላይ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ እየተጨመረ የዕረፍቱ ቀን በዛ። ሰንበትን ያዘዘው የኦሪት ቃል ራሱ የዕረፍቱን ተካፋዮች ሲዘረዝር ልጅንና አገልጋይን፣ መጻተኛንም ብሎ አያቆምም፤ በሬንና አህያን በስማቸው ያነሣል። በዓል መብዛቱ አገርን ያደኸያል የሚሉ የልማት ሰዎች አሉ፤ በብዙ ነገርም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የጠፋውን የሰው ጉልበት ሲያሰሉ፣ ከስቶ ለሚያርሰው በሬ በግንቦት ወር የምትደርስለት አንዲት የበዓል ቀን ምን ያህል እንደምትመዝን በሒሳባቸው ውስጥ አላስገቡም።

በዚሁ በሰንበት ላይ ግን ዝም ሊባል የማይገባው ትልቅ ጉድለት አለ። በብዙ ወረዳ ዋናው ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ቀን ነው። በሬው በመስክ ላይ ሲያርፍ አህያዪቱ ጎሕ ሳይቀድ ተጭና ትወጣለች፤ ዳገቱንና ቍልቍለቱን ወርዳ ወጥታ ከገበያው ስትደርስ፣ እህሉ እስኪሸጥ ድረስ ጭነቱ ሳይወርድላት ብዙ ሰዓት የምትቆምበት ጊዜ አለ፤ ሲመሽም ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ተጭኖባት ትመለሳለች። ሕጉ በሬንና አህያን በአንድ ቃል ጠርቷቸው ሳለ፣ እኛ ለአንዱ ጠብቀን ከሌላው ነጠቅን። ምክንያቱም አይሰወርም፤ በሬ ንጹሕ እንስሳ ነው፣ ሥጋው ይበላል፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አህያ ግን ርኵስ ተብላ ከመዓድ የተለየች፣ ስሟም ለስድብ የዋለ ናት። መድኃኔ ዓለም በሆሳዕና ቀን ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በእርስዋ ጀርባ ላይ ተቀምጦ መሆኑን በየዓመቱ ዘንባባ ይዘን፣ ዙረን፣ ዘምረን እናከብራለን፤ ከበዓሉ ስንመለስ ግን በመንገድ ዳር በዱላ የምትነዳው አህያ የዚያች ወገን መሆንዋን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ስለ አህያ ጀርባ ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል፤ በነገሩ ውስጥ ከሁሉ የሚታየው ግፍ ያለው በዚያ ነውና። ጭነቱ ያለ በቂ መደላድል በቀጥታ በጀርባ አጥንቷ ላይ ሲያርፍ፣ በቀጭን ገመድም ሲጠበቅ፣ ቆዳው ይፋቃል፣ ይቈስላል፣ ዝንብ ይሰፍርበታል፤ ገጣባ አህያ የሚሏት እንዲህ ያለችው ናት። ቁስሉ ሳይድን እንደ ገና ትጫናለችና ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ስታነክስ ወይም ስትታመም በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ አገር ልማድ ነው፤ ነገር ግን ትኵሱ በበሽታው ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ የሚያድነው የለም። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አሮጌ ጆንያ ጭድ ተሞልቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ ቢደረግ፣ መካከሉ ክፍት ሆኖ አጥንቱ ሳይነካ ጭነቱ በጎድኗ ላይ ያርፋል፤ በቀጭኑ ገመድ ፈንታ ሰፋ ያለ ጨርቅ ሆዷን ቢይዛት፣ ከገበያም እንደ ደረሰች ጭነቱ ወርዶ ውሃ ብትጠጣ፣ የቈሰለችም እስክትድን ሳትጫን ብትሰነብት፣ ከመከራዋ አብዛኛው ይቀርላት ነበር። ከቤተ ሰቡም ሁሉ አህያዪቱ ከሁሉ ይልቅ የምታገለግለው ሴቲቱን መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አህያዪቱ የወደቀች ዕለት ውሃውና እንጨቱ፣ የወፍጮውም እህል ወደ እናቲቱና ወደ ልጅቷ ጀርባ ይመለሳልና።

ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 8 ቀን የአርባዕቱ እንስሳን በዓል ታከብራለች። እነዚህ የእግዚአብሔርን መንበር የሚሸከሙ ሰማያውያን፣ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ፣ ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት በራእይ እንዳዩአቸው፣ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህምና ገጸ ንስር ያላቸው ናቸው፤ ሊቃውንትም ሲያመሠጥሩ ገጸ ሰብእ ስለ ሰው ልጆች፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይለምናሉ ብለው ያስተምራሉ። ወራቱን ልብ እንበል፤ ኅዳር እህሉ የሚታጨድበት፣ አውድማው በእበት የሚለቀለቅበት ወር ነው። በሬው ወደ አውድማ ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን፣ በመንበረ ጸባኦት ፊት ስለ እርሱ የሚለምን ገጽ መኖሩ በቤተ መቅደስ ይነገራል ማለት ነው። ልመና የሚደረገው ለጐደለበት ወይም ለተበደለ ነው፤ ለበሬ ምንም የማይገባው ቢሆን፣ የሚያጎድልበትም ባይኖር፣ ስለ እርሱ የሚለምን በዚያ ከፍታ ላይ ባልቆመ ነበር። እኔ ይህን ትምህርት ከትርጓሜዎቻችን ሁሉ እጅግ ጥልቅ ከሆኑት አንዱ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ስብከት እምብዛም የማይነሣ መሆኑም ያሳዝነኛል።

ከሊቃውንት ወገን የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ነፍስ አለችው፤ እንስሳ ግን ያለው ደመ ነፍስ ብቻ ስለ ሆነ ሲሞት ይጠፋል፣ ትንሣኤም የለውም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚደረገው ነገር ከኃጢአት ወገን አይቈጠርም ይላሉ። የትምህርቱን መሠረት እቀበላለሁ፤ ከመሠረቱ ላይ የተሠራው መደምደሚያ ግን የተገለበጠ ሆኖ ይታየኛል። አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ተጥሎ፣ ቁስሉን ውሾች እየላሱት ሞተ፤ ነገር ግን በአብርሃም እቅፍ ተጽናና። ሰው የተበደለው በደል የሚካስበት ሌላ ዓለም እንዳለ እናምናለን፤ ሰማዕታትም እሳትና ሰይፍ የታገሡት ይህን ተስፋ አድርገው ነው። በሬ ግን የአብርሃም እቅፍ አይጠብቀውም። ያለችው ሕይወት ይህች ብቻ ናት፤ በዚህች ያጣውን ዕረፍት፣ በዚህች የተነፈገውን ውሃና ገለባ ከዚህ ወዲያ የሚመልስለት የለም። ካሣ የማይደርስለት በደል ካሣ ከሚደርስለት በደል ይልቅ ሊያስፈራ ይገባል እንጂ የሚቀልበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚህም በላይ ሰው ሕመሙን በተስፋ፣ በትዕግሥት፣ በጸሎት ያስታግሠዋል፤ ነፍሱ በደሙ ያለች ፍጥረት ግን ከሕመሙ ወዲያ የሚመለከተው ነገር ስለሌለው፣ ሕመሙን ያለ ምንም መጠጊያ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥልጣን የተነሣ ነው። አዳም ንጉሥም ካህንም ነቢይም ሆኖ ተሾመ፣ እንስሳትም በፊቱ ቀርበው ስም አወጣላቸው፣ እንግዲህ ገዢ ለተገዢው ምን ይጠየቃል የሚል ነው። በእኛ አገር ሥርዓት ግን ንጉሥ የሚመዘነው በአቤቱታ ነበር፤ የተበደለ ሰው በንጉሡ መንገድ ዳር ቆሞ አቤት ብሎ ሲጮኽ፣ ድኻም ቢሆን ጩኸቱ እንዲሰማለት የሚያስገድድ ልማድ ነበረን። በሬ አቤት አይልም፤ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም ጌታው ነው። መጻሕፍት ይህን ያህል የተዘጋ አፍ አንዳንድ ጊዜ እንዲከፈት አድርገዋል። በኦሪት ዘኍልቍ የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ከተደበደበች በኋላ ተናገረች፤ በመንገዱ ላይ የቆመው የእግዚአብሔር መልአክም ስለ ተልእኮው፣ ስለ ሞዓብ ንጉሥ፣ ስለ እስራኤል ነገር ከማንሣቱ አስቀድሞ በለዓምን የጠየቀው አህያዪቱን ስለ ምን እንደ መታት ነው። በሙስሊም ወንድሞቻችንም ዘንድ፣ አንድ ግመል ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ቀርቦ እያለቀሰ ጌታው እንደሚያስርበውና ከአቅሙ በላይ እንደሚያደክመው ያመለከተበት ሐዲስ ይተረካል፤ ለዕርድም ቢላዋው በደንብ እንዲሳል፣ እንስሳውም እንዳይንገላታ ያዘዙበት ሌላ ሐዲስ አለ። በወሎ ተራሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ጋራ ላይ በጎን ለጎን ማሳ ሲያርሱ፣ የሁለቱም በሬዎች በየጌቶቻቸው ሃይማኖት ጠበቃ አላቸው ለማለት ይቻላል፤ የጐደለው ለጠበቃው ጆሮ መስጠት ነው።

ስለ አህያ የሚሰማን ስሜትና ስለ አህያ የሚገባን ፍትሕ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቅርብ ጊዜ አንድ ነገር ገልጦታል። በቻይና ለሚዘጋጅ ባህላዊ መድኃኒት የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ሙጫው ስለሚፈለግ፣ በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ግን የከተማው ሕዝብ እጅግ ስለ ተቈጣ ተዘጋ። የአፍሪቃ ኅብረትም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ጉባኤ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰነ። በሁለቱም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የቍጣውን ልብ ስመረምር፣ በብዙው ሰው ዘንድ የተነሣው ከመጸየፍ እንጂ ከማዘን እንዳልነበረ አያለሁ፤ ቄራው በተዘጋበት ሳምንት እንኳ በዚያው ከተማ መንገድ ላይ ሲሚንቶና ጡብ የጫኑ አህዮች በዱላ መነዳታቸው አልቀረም። ከካራ ያዳንናትን ከጭነት አላዳንናትም፤ የተፈረደላትም ስለ ራሷ መሆኑ ያጠራጥራል።

ስለ ዕርድ ከተነሣ፣ ጾማችን ለእንስሳት የሚሰጠውን ሰላም ማሰብ ተገቢ ነው። ምእመኑ በዓመት ከግማሽ ያላነሰ ቀን የእንስሳ ውጤት ሳይቀምስ ይውላል፤ አባቶችም ይህን አዳም በገነት ሳለ ከዕፀዋትና ከፍሬ በቀር ምግብ ካልተሰጠው ዘመን ጋር ያያይዙታል። በጾመ ነነዌ የምናስታውሰው የዮናስ መጽሐፍ ከብቶቹም ከሰዎቹ ጋር ጾመው፣ ማቅ ለብሰው እንደ ነበረ ይነግረናል፤ መጽሐፉም የሚፈጸመው እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲገልጥ የከብቶቹን ብዛት ጭምር በማንሣቱ ነው። ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ በእንጨት ላይ ቍልቍል ተንጠልጥላ ከገበያ ወደ ገበያ ስትዞር፣ ሰንጋውም ከቦረናና ከጎጃም በአይሱዙ ተጨናንቆ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ወድቆ ሲረገጥ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ማየት ልብን ያደማል። ዕርዱ ተፈቅዷል፤ ከዕርዱ በፊት ያለው ሥቃይ ግን በማንኛውም ሕግ አልተፈቀደም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚያነሣውም ድኻው ራሱ ነው። ልጁ ጾሙን ላደረበት ሰው ስለ አህያው ጀርባ መናገር ይገባልን? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ሊመልስ የሚሞክር ሰው ረኃብን አያውቅም። ቢሆንም የአገራችን ታሪክ አንድ መልስ ይሰጣል። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ሲያጠፋ፣ ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል እንደ ሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ በሬ በጠፋ ጊዜ እርሻ ቀረ፣ እርሻ በቀረ ጊዜ ሰው በየመንገዱ ወደቀ፤ ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚነገረውም ያ ዘመን ነው። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ እንዲቈፍር አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። የሰውና የበሬ ሕይወት በአንድ ገመድ የታሰረ መሆኑን ከዚያ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ነገር ግን በዚህ መልስ ላይ ብቻ መቆም አልወድም፤ ጥቅምን ብቻ ምክንያት ያደረገ ሰው እንስሳው ያረጀ ቀን ምክንያቱ ያልቅበታልና። በየከተማው ዳርቻ ያረጁ የጋሪ ፈረሶችና እግራቸው የተሰበረ አህዮች ለጅብ ተጥለው የምናያቸው ስለዚህ ነው። ዋጋው የሚከፈለው ስለ ሠራው ሥራ ከሆነ ግን፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ዕዳው ይቀራል።

ዕዳውም በገበሬው ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም፤ ይህን ካልተናገርን በድኻው ላይ ሌላ ቀንበር እንጨምርበታለን። ያ በሬ የወቃውን ጤፍ የሚበላው ከተሜ፣ ግብሩን የሚሰበስበው መንግሥት፣ በእህሉ የሚያተርፈው ነጋዴ ሁሉ የዕዳው ተካፋዮች ናቸው፤ የእንስሳት ሐኪም በወረዳው እንዲገኝ፣ መድኃኒቱ ሳይበላሽ እንዲደርስ፣ የግጦሽ መሬት ሁሉ ታርሶ እንዳያልቅ፣ በገበያ ስፍራ የውሃ ገንዳና ጥላ እንዲኖር ማድረግ የእነርሱ ፈንታ ነው። በባህል ኮርማ ሲኰላሽ በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ግን ቡርዲዞ በተባለው መቈንጠጫ ባነሰ ሥቃይ ፈጥኖ ይፈጽመዋል፤ መሣሪያው በየቀበሌው እንዲኖር ማድረግ ለአንድ ወረዳ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ሊደረግ እንደሚቻልም ምስክር አለን። ያን ክፉ የከብት በሽታ ከአገራችን ለማጥፋት በተደረገው ትግል መጨረሻ ላይ፣ በ1980ዎቹ ማለቂያ፣ ሐኪም ሊደርስበት ባልቻለው በዓፋር ቆላ፣ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙቀት የማያበላሸውን ክትባት ይዘው፣ ከብቶቹ በተሰማሩበት እየዞሩ ከተቡ፤ በሽታውም ከዚያ ጠፋ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። የተሳካው ሥራው ከእንስሳቱ ጋር አድሮ ለሚነሣ ሰው በአደራ ስለ ተሰጠ ነው።

ለዚህ ነው ትምህርቱን ለገበሬው የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ፣ ከማንም አስቀድሞ የንስሐ አባትን የማስበው። የገጠር ካህን ራሱ አራሽ ነው፤ ቀንበርና ሞፈር ያውቃል፤ በሰንበቴና በማኅበር፣ በክርስትናና በተዝካር በየቤቱ ይገባል፤ የሚናገረውም ይሰማል። ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅን ከኃጥእ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የእንስሳውን ነፍስ ማወቁ መሆኑን በምሳሌው አስተምሮ ሳለ፣ በንስሐ ጊዜ ስለ ጾም፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ሐሰት ምስክር ሲጠየቅ፣ ስለ በሬው ጫንቃና ስለ አህያዪቱ ጀርባ የሚጠይቅ አባት ስለ መኖሩ አልሰማሁም። ሊጠይቅ ይገባዋል። የተጠየቀውም ሰው የቈሰለ እንስሳ ጭኖ እንደ ሆነ ቢናዘዝ፣ ቀኖናው ስግደትና ምጽዋት ብቻ መሆን የለበትም፤ ቁስሉ እስኪድን ድረስ እንዳይጭናት፣ የጭድ መደላድሉንም በገዛ እጁ ሠርቶ ለአባቱ እንዲያሳይ፣ ቅዳሜም ገበያ መሄዱ ግድ ከሆነበት እሑድንና በመካከል ያለችውን አንዲት ቀን ለእርሷ ዕረፍት አድርጎ እንዲጠብቅላት ቢታዘዝ፣ የተበደለችው ራሷ ካሣዋን በዚሁ ዓለም ታገኝ ነበር። በሙስሊሙ ቀበሌም ሼሁ ይህንኑ በሐዲሱ መሠረት ሊያደርጉት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሀገረ ስብከት ደብዳቤና በካህናት ማሠልጠኛ ውስጥ የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙም በዚያ ቀን ተጠርቶ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብና ጭነት እንዴት እንደሚደላደል በሕይወት ባለች አህያ ላይ ለካህናቱ ያሳያቸው።